አውሮፕላኑ ቢሰበር ይሰበር፣ ልጁ አይሰበር

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ሲባል እየሰማን አድገናል። ተረቱን የተረተው ሰው ምናልባት በዚያን ቀን ጦሙን አድሮ ይሆናልና አንፈርድበትም። ግን እስቲ እንጠያየቅ፦ ልጅ እንዲያቦካ ካልተፈቀደለት ማቡካት የሚማረው መቼ ነው? መዶሻ ሲያነሳ «ተው ጣትህን!»፣ ምላጭ ሲነካ «አስቀምጥ!»፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ «ማን ንካ አለህ?» እንለዋለን። ከዚያ እኛው ዞር ብለን «የዘንድሮ ልጅ ከስልክ ላይ አልነሳ አለ» እያልን እናማርራለን። ሌላ የሚነካው ነገር መች ተውንለትና!

የዛሬው ወጋችን ከልጅ ጋር አውሮፕላን ሠርቶ ስለማብረር ነው። አትሳቁ። ከደብተር ተገንጥሎ ስለሚታጠፈው ወረቀት አይደለም የምናወራው። ክንፍ፣ ጭራና ሞተር ስላለው፣ መሬት ላይ ቆሞ በሬዲዮ ስለሚነዳው ትንሽ አውሮፕላን ነው። አባት ወይም እናት ለሆናችሁ ይጠቅማል። ገና ያልወለዳችሁም የወንድም ወይም የእህት ልጅ አታጡም።

የቅዳሜው አባት

ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገ አንድ የከተማችን ወጣት አባት ያጫወተን ነገር አለ። ከባለቤቱ ጋር ከተለያየ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የ10 ዓመት ልጁ የሚኖረው ከእናቱ ጋር ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የእሱ ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ!

«ኬክ ቤት እንገባለን» ይላል። «'ትምህርት እንዴት ነው?' እለዋለሁ፤ 'ደህና' ይለኛል። 'እናትህስ?' እለዋለሁ፤ 'ደህና ናት' ይለኛል። ከዚያ በኋላ የምንባባለው ያልቅብናል። እሱ ስልኩን ያወጣል፣ እኔም የራሴን አወጣለሁ። 11 ሰዓት ሲሆን ሁለታችንም ዕረፍት እናገኛለን። ይህ ለአባት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።»

አንድ ቅዳሜ አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ጎረቤት ካርቶኑን ደጅ ጥሎት ያገኛሉ። ልጁ ከውስጡ ነጩን ፎም አነሳና «ባባ፣ ይሄ እኮ አውሮፕላን ይወጣዋል» አለ። አባት «እንሞክረዋ» አለ። በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ያን ቀን 11 ሰዓት እንዴት እንደደረሰ ሁለቱም አላወቁም። በማግስቱ እሑድ ማታ ስልኩ ጮኸ። ከተለያዩ ወዲህ ልጁ በራሱ ተነሳሽነት ሲደውልለት ያ የመጀመሪያው ነበር። ምን ሊለው እንደደወለ ታውቃላችሁ? «ባባ፣ ጭራው አነሰ መሰለኝ።»

ነገሩን ስናየው ልጅና አባት ፊት ለፊት ተፋጠው ሲቀመጡ ወሬ ይጠፋቸዋል። ጎን ለጎን ሆነው አንድ ሥራ ላይ ሲያጎነብሱ ግን አፋቸው ይፈታል። በተለይ ወንዶች ልጆች ዓይን ለዓይን እየተያዩ ያልተናገሩትን ሙጫ እስኪደርቅ ሲጠብቁ ይናገሩታል።

የአንድ አባት ስጦታ

እ.ኤ.አ. በ1878 አሜሪካ ውስጥ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከመንገድ ሲመለስ ለልጆቹ መጫወቻ ይዞ ገባ። ከቡሽ፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚነሳ የምትሽከረከር ነገር ነበረች። ትልቁ ልጅ የ11፣ ትንሹ የ7 ዓመት ነበሩ። መጫወቻዋን እስክትሰባበር ድረስ ተጫወቱባት። ከዚያ ራሳቸው መሰሏን ሠሩ። አስበልጠው ሲሠሯት ደግሞ እንቢ አለቻቸው። እነዚያ ልጆች ዊልበርና ኦርቪል ራይት ናቸው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 በሞተር የሚሄድ አውሮፕላን አበረሩ። የመጀመሪያው በረራ የቆየው 12 ሰከንድ፣ የሄደውም 36 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። 12 ሰከንድ! ልጃችሁ የሠራው አውሮፕላን ለ5 ሰከንድ በርሮ ቢወድቅ ይህችን ንገሩት።

የእኛም ታሪክ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. ሄር ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አውሮፕላን ሠርቷል። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በወረራው ጊዜ ጣልያኖች ወሰዷትና በሙዚየማቸው ስትጎበኝ ኖረች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ይህን ከማን ይስማ? ከእናንተ መስማት አለበት። ክንፍ እየቆረጣችሁ ብትነግሩት ደግሞ አይረሳውም።

መጀመሪያ ያለ ሞተር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሬዲዮው ሲጀምር ነው። ብር ያወጣል፣ ዕቃ ያሰባስባል፣ በመጀመሪያው ቀን መሬት ላይ ይፈጠፍጠዋል፣ ከዚያ «እኔ ድሮም…» ብሎ ይተወዋል። የእኛ ምክር፦ መጀመሪያ በእጅ የሚወረወር፣ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ሥሩ። ወጪው የምሳ ዋጋ አይሞላም።

ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ቀላል ነው፤ በስለታም ከተር ይቆረጣል። ከተሩን መጀመሪያ እናንተ ያዙ፤ ልጁ በማስመሪያ ይለካ፣ በእርሳስ ያስምር። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ማስቲሽ ፎም ላይ እንዳትቀቡ፤ ዓይናችሁ እያየ ይበላዋል። ሽታውም ለልጅ አይሆንም። የአናጢ ነጭ ኮላ ወይም በመሣሪያ እየሞቀ የሚቀባው ሙጫ ይሻላል። እሱም ቢሆን ከመጠን በላይ ከሞቀ ፎሙን ያቀልጠዋልና ጋብ ይበል። ክንፉ መሃል ላይ እንዳይታጠፍ ከታች በኩል የቀርከሃ ስንጥር ወይም የተጣለ ጃንጥላ ሽቦ አጣብቁበትና በፕላስተር ለጥፉት።

አሁን ዋናው ምስጢር ይመጣል፤ እሱም ሚዛን ነው። ክንፉን ከሥሩ በሁለት ጣት ደግፋችሁ አንሱት። ጣታችሁ የሚያርፈው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ የክንፉን ስፋት ሩብ ያህል ወደ ኋላ ገባ ብሎ ነው። ክንፉ 20 ሳንቲም ሜትር ስፋት ካለው ጣታችሁ ከፊት ጠርዙ 5 ሳንቲም ላይ ይሁን። አውሮፕላኑ እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ሚዛኑን ጠብቋል። ጭራው ካዘቀዘቀ አፍንጫው ላይ ሳንቲም ለጥፉበት።

ከዚያ ሜዳ ወጥታችሁ በቀስታ፣ አግድም ወርውሩት። ሽቅብ ብድግ ብሎ ቆም ካለና ከወደቀ ጭራው ከብዷል ማለት ነው። ፊቱን ደፍቶ መሬት ከገባ አፍንጫው ከብዷል። ልጁን «ለምን ይመስልሃል?» በሉት፤ መልሱን ግን አትንገሩት። ሳንቲሙን እሱ ይጨምር፣ እሱ ይቀንስ። አሥር ጊዜ ሲወረውር ገና ያልተማረውን ፊዚክስ በእጁ ያውቀዋል።

የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው

ከውጭ አገር የሚመጣ ፕላን አይታችሁ ልክ በልክ ብትሠሩትና እዚህ አልበር ቢላችሁ አትደነቁ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ድጋፉም ይቀንሳል። ትልልቆቹ ጄቶች እንኳን ቦሌ ላይ ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋሉ።

ለእኛ ትንሽ አውሮፕላን ይህ ምን ማለት ነው? ባሕር ዳርቻ ላይ 500 ግራም ሆኖ በእርጋታ የሚበር አውሮፕላን እዚህም በዚያው ፍጥነት ይብረር ካላችሁ ክብደቱ ወደ 400 ግራም መውረድ አለበት። ያ ካልሆነ ደግሞ ክንፉን ማስፋት ነው። ስለዚህ ጌጥ ይቅር፣ ቀለም ይቅር፣ በሙጫ ላይ ሙጫ ይቅር። ለጀማሪ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1 ሜትር በላይ ቢሆን፣ ስፋቱ 20 ሳንቲም ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለቱም የክንፍ ጫፎች ከመሃሉ 5 ሳንቲም ያህል ወደ ላይ ቀና ይበሉ። እንዲህ የተሠራ ክንፍ ሲያዘነብል በራሱ ወደ ቦታው ለመመለስ ይሞክራል፤ ለጀማሪ እጅ ምሕረት ያደርጋል።

ሬዲዮው፣ ሞተሩና አደገኛው ባትሪ

የተወረወረው ደህና መንሳፈፍ ሲጀምር ሞተር ይገባለታል። የሚያስፈልጉት፦ አፍንጫው ላይ የሚታሰር ቀላል የኤሌክትሪክ ሞተር ከነፕሮፔለሩ፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ትንሽ መሣሪያ፣ ጭራውን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ሰርቮዎች (እያንዳንዳቸው 9 ግራም አካባቢ ናቸው)፣ ትእዛዝ ተቀባዩ፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የሬዲዮ ማዘዣና ባትሪው ናቸው። ለመጀመሪያው አውሮፕላን ሦስት ትእዛዝ ይበቃል፦ ሞተር፣ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች።

ባትሪው ላይ ቀልድ የለም። ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ባትሪ ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ከተወጋ፣ ካበጠ ወይም ከመጠን በላይ ከተሞላ ግን በእሳት ይያያዛል። እያንዳንዱ የባትሪው ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም። የሚሞላው ለእሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ነው። ሲሞላ ከአጠገቡ ሰው አይጥፋ፤ ሌሊት ሰክታችሁ እንዳትተኙ! መብራት ሄዶ ከመጣም ሄዳችሁ እዩት። መጋረጃና ፍራሽ አጠገብ ሳይሆን ሲሚንቶ ወለል ላይ ይሁን። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ «አንድ ቀን ያገለግላል» አትበሉ።

ፕሮፔለሩም ምላጭ ነው። ቤት ውስጥ ስትሞክሩ አውልቃችሁ ሞክሩ፤ መጨረሻ ላይ ሜዳ ስትደርሱ ግጠሙት። ቅደም ተከተሉን ልጁ እንደ ጸሎት በቃሉ ይያዘው፦ መጀመሪያ ማዘዣው ይበራል፣ ከዚያ የአውሮፕላኑ ባትሪ ይሰካል። ሲጨረስ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፣ በመጨረሻ ማዘዣው ይጠፋል። ይህንን የመቆጣጠር ሥልጣን ለልጁ ስጡት። እናንተ ስትሳሳቱ «ባባ፣ ቅድሚያ እሱ አይደለም!» ሲላችሁ ደስ ይበላችሁ።

የበረራው ጠዋት

ማለዳ ሂዱ። ረፈድ ሲል ነፋስ ይነሳል። ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ ከመንገድ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከሰው የራቀ ይሁን። ሣሩ ከፍ ያለ ከሆነ እሰየው፤ ሲወድቅ እንደ ፍራሽ ይቀበለዋል።

ሲወረወር ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሩት። ሽቅብ ሳይሆን አግድም ልቀቁት። ከተነሳ በኋላ ቶሎ ለመዞር አትጣደፉ፤ በቂ ከፍታ ይያዝ። ከፍ ያለ አውሮፕላን ስሕተት ለማረም ጊዜ ይሰጣል፤ ዝቅ ያለው አይሰጥም። ጀማሪ ሁሉ ግራ የሚጋባበት ቦታ ደግሞ ይኸውላችሁ፦ አውሮፕላኑ ከእናንተ ሲርቅ ግራው ግራችሁ ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ግራው ቀኛችሁ ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ወደ እናንተ ሲመጣ በየትኛው በኩል ክንፉ እንዳዘቀዘቀ እዩና ማዘዣውን ወደዚያው ግፉ። የወደቀውን ክንፍ ከሥሩ እንደመደገፍ ቁጠሩት።

ልጁስ መቼ ይይዘዋል? እናንተ አስነሱት፣ ከፍ አድርጉት፣ ቀጥ ሲል ማዘዣውን ለልጁ ስጡትና ከኋላው ቁሙ። መጀመሪያ ለ10 ሰከንድ፣ ቀጥሎ ለ20። አስፈራርቶ መስጠት የለም። «እንዳትጥለው!» የተባለ ልጅ እጁ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ ሌላ አባት ትዝ ይለናል። እሱም ከልጁ ጋር ጀምሮ ነበር። ግን ክንፉን «አንተ ታጣምመዋለህ» ብሎ እሱ ቆረጠው፤ ሙጫውን «ታንጠባጥባለህ» ብሎ እሱ ቀባው፤ የበረራው ቀንም «ትንሽ ጠብቅ» እያለ ባትሪው እስኪያልቅ እሱ ብቻ አበረረ። ዞር ብሎ ሲያይ ልጁ መኪና ውስጥ ገብቶ ስልኩን ይነካካል። አባትየው አሁን አሪፍ አውሮፕላን አለው፤ አብሮት የሚሄድ ልጅ ግን የለውም።

ሲወድቅ ልጁ የሚያየው ፊታችሁን ነው

መውደቁ አይቀርም። ጥያቄው ከወደቀ በኋላ ያለችው ደቂቃ ናት። ወደ ቅዳሜው አባት እንመለስ። እሱና ልጁ አምስት ቅዳሜ ሙሉ ለፉ። የሚመለከተውን ክፍል ጠይቀው ከከተማ ወጣ ካለ ሜዳ ሄዱ። አውሮፕላኑ ተነሳ፣ ሽቅብ ተንጠለጠለ፣ ቆም አለ፣ ከዚያ ዷ! ስምንት ሰከንድ ያህል ነበር። ክንፉ ለሁለት ተከፈለ።

«የአምስት ሳምንት ልፋቴ አንጀቴን አቃጠለው» ይላል አባት። «ዞር ስል ልጄ አውሮፕላኑን አያይም። እኔን ነው የሚያየው። እናቱና እኔ ስንጨቃጨቅ በር ሥር ቆሞ ያየን በነበረበት ዓይን ነው ያየኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ሳቅሁ። መጀመሪያ የውሸት ሳቅ ነበር፤ እሱ ሲስቅ ግን የእኔም የእውነት ሆነ።»

ስብርባሪውን ለቅመው ሲሄዱ መኪና ውስጥ ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ባባ፣ የተሰበረ ነገር ይጠገናል አይደል?» አለ። አባት ልጁ ስለ ምን እየጠየቀው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረም። «አንዳንዱ እንደ ድሮው ይሆናል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሌላ መልክ ይሠራል» አለው። ልጁ ትንሽ አሰበና «ክንፉን ግን እንደ ድሮው አንሠራውም፤ ባትሪውን ወደፊት እናምጣው፤ ጭራው ከብዶታል» አለ። ትክክል ነበር። ሽቅብ ወጥቶ የቆመ አውሮፕላን ጭራው ከብዷል፤ በሳንቲም የተማረውን ነው የመለሰው።

ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲወድቅ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ «ማን ነው ያጠፋው?» የምትለዋን ጥያቄ ዋጧት። ሁለተኛ፣ ባትሪውን ቶሎ ንቀሉና እንዳልተጎዳ እዩ። ሦስተኛ፣ ስብርባሪውን አብራችሁ ልቀሙ፤ ፎም በሙጫ ይጠገናል፣ አብዛኛውም የአንድ ማታ ሥራ ነው። ልጁ ከዚህ የሚይዘው መውደቅ የነገር መጨረሻ አለመሆኑን ነው። ይህንን በምክር ብትነግሩት በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ሴት ልጅስ?

«ይሄ እኮ የወንድ ጨዋታ ነው» የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአብራሪዎቹ እስከ መሬት ሠራተኞቹ ድረስ ሴቶች ብቻ ያስተናገዱትን በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ አድርሷል። እነዚያ ሴቶች ሁሉ ትናንት ልጆች ነበሩ። ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ከተሩን ለእሷም ስጧት።

ፈቃድ ሳትጠይቁ አትነሱ

በአገራችን ያለ አብራሪ የሚበር ነገር ከውጭ ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ ይጠየቃል። «ይሄ መጫወቻ ነው» ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትነሱ፤ ዕቃው ጉምሩክ ላይ ቢቀር ወይም ሜዳ ላይ ጥያቄ ቢነሳ የምታዝኑት ከልጁ ጋር ነው። ሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ነገር ብዙ ሰው በሚያስደነግጥበት ዘመን ላይ መሆናችንንም አትርሱ። ለአካባቢው ሰው ቀድማችሁ ንገሩ። ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ወታደር ካምፕና ወደ መንግሥት ሕንፃ አትጠጉ። ፈቃዱ ካልተሳካም አትዘኑ፤ ሞተር የሌለው፣ በእጅ የሚወረወረው ይበቃችኋል። ደስታው አያንስም።

አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል፦ 250 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ይመዘገባል፣ ቁጥሩም በላዩ ላይ ይጻፋል። መዝጋቢው ሰው ዕድሜው ከ13 ማነስ የለበትም። ነጻ የሆነ የደኅንነት ፈተናም አለ። ዋሽንግተን ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፤ የዋና ከተማዋ ዙሪያ ሰማይ ጥብቅ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ጓሮ ውስጥ ዝም ብሎ ማስነሳት አይቻልም።

በመጨረሻ፣ ጊዜ የለኝም ለምትሉ፦ እኛም የለንም። ግን ቅዳሜ ማለዳ ሁለት ሰዓት ከየት ይጠፋል? ፎሙ ደጅ ተጥሏል፣ ኮላው ሱቅ ውስጥ አለ፣ ልጁም እቤት ነው። ልጅ ደግሞ እንደ ፎም አይደለም፤ ቆይቶ አይጠብቅም፣ ያድጋል። ነገ ጠርታችሁት «ና አብረን እንሥራ» ስትሉት «ቀጠሮ አለኝ» የሚልበት ቀን ይመጣል። እሱ ቀጠሮ ሳይዝ ቅደሙት።

መልካም በረራ!